የድሮ ሞተር ሳይክልን ቤት ውስጥ ወደ ፋብሪካ መልኩ እንዴት እንደሚመለስ

የኔን ሆንዳ ሲጂ 125 ሳገኘው አየር ማጣሪያው ውስጥ አይጥ ቤት ሠርታ ነበር። «ሁለት ወር ይበቃዋል» አልኩ። አሥራ አራት ወር ፈጀ። ከዚያ ውስጥ ሰባት ሳምንት የበላችው አንዲት ብሎን ናት። ስለዚህ የብሎን ወሬ ከበዛባችሁ ከወዲሁ ይቅርታ።

ሲጂ 125 እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ሞተር ነው። በቂ ጥገና በማይገኝበት ቦታ እንዲሠራ ታስቦ ስለተሠራ ነገሩ ሁሉ ቀላል ነው። ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች ናቸው፣ ሰንሰለቱም ሙሉ ሽፋን አለው። ለጀማሪ ጥሩ ነው። ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ግን በዚያ ዘመን ለተሠራ ለየትኛውም የጃፓን ሞተር ይሠራል።

አንድ ነገር እንስማማ። ወደ ፋብሪካ መልኩ መመለስና ማሳመር ይለያያሉ። ፋብሪካው ያላብረቀረቀውን እናንተም አታብረቀርቁትም። አዲስ መሪ፣ የሚጮህ ማርሚታ፣ ጥቁር የተቀባ ሞተር ካማራችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ግን ያ ሌላ ሥራ ነው።

ደረጃ 1፦ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት

ሻሲው ላይና ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር ጻፉ። ትክክለኛውን ዓመትና ዓይነት የሚነግራችሁ እሱ ነው። ከዚያ የሞዴሉን የጥገና ማኑዋልና የመለዋወጫ ካታሎግ ፈልጉ። ካታሎጉ ከማኑዋሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። እያንዳንዱ ዕቃ ተበትኖ በሥዕል ስላለ የትኛው ሮንዴላ ከየትኛው ዳዶ በፊት እንደሚገባ ያሳያል።

የሆንዳ ዕቃ ቁጥር ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው አምስት አሃዝ ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራል። 16100 ካርቡራተር ነው፣ 17500 የቤንዚን ታንክ ነው። መካከለኛው ሦስት አሃዝ ዕቃው መጀመሪያ ለየትኛው ሞዴል እንደተሠራ ይገልጻል። ይህን ካወቃችሁ «የሲጂ ነው» ተብሎ የሌላ ሞዴል ዕቃ አትሸከሙም።

አሁን ፎቶ አንሱ። በቃ ሲላችሁ ደግማችሁ አንሱ። በተለይ ሽቦና ገመድ በየት በኩል እንደሚያልፍ። የፈታችሁትን ሁሉ በትንንሽ ፌስታል አድርጋችሁ ስም ጻፉበት።

ምንም ነገር አትጣሉ። እኔ ታንኩ ስር ያለችውን የተሰነጠቀች ጎማ «አዲስ እገዛለሁ» ብዬ ወረወርኳት። አዲሷ ስትመጣ ወፈረች። የማወዳደሪያ አሮጌ ስለሌለኝ ጥፋቱ የጎማዋ ይሁን የኔ አገጣጠም ለማወቅ ሁለት ቀን ተጨቃጨቅኩ፣ ከራሴ ጋር።

ደረጃ 2፦ መፍታት፣ ማለትም ብሎን

ቤንዚኑን አፍስሱ፣ ባትሪውን ንቀሉ። ወንበር፣ ታንክ፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ በዚህ ቅደም ተከተል ይወርዳሉ። እዚህ ድረስ ማንም ይሠራዋል። ጣጣው የሚጀምረው ሞተሩ ጎን ያሉት ሽፋኖች ጋ ስትደርሱ ነው።

እዚያ ያሉት ብሎኖች ጭንቅላታቸው ላይ መስቀል አላቸው። ሁላችንም ቤት ያለውን ባለመስቀል ካቻቢቴ እናነሳለን። ስህተቱ እሱ ነው። የተለመደው ካቻቢቴ ፊሊፕስ የሚባለው ነው፤ እነዚህ ብሎኖች ግን ጄአይኤስ በሚባለው የጃፓን ደረጃ የተሠሩ ናቸው። ዓይን አይለያቸውም። ፊሊፕሱ ጎድጓዳው ውስጥ እስከ ታች አይቀመጥም። ስትጠመዝዙት ወደ ላይ ይወጣና መስቀሉን ልጦ ክብ ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ነጥብ ካለች ብሎኑ ጄአይኤስ ነው። ለዚህ ሥራ አንድ መሣሪያ ብቻ ግዙ ብትሉኝ ጥሩ የጄአይኤስ ካቻቢቴ እላችኋለሁ። ፊሊፕስንም ይፈታል፣ ስለዚህ አትከስሩም።

እኔ ይህን አላወቅኩም። ከአሥሩ ብሎን አራቱን ላጥኳቸው። ሦስቱ በመከራ ወጡ። አራተኛዋን በመሰርሰሪያ በስቼ፣ የተሰበረ ብሎን ማውጫ የሚባለውን ግራ ጥምዝ ብረት አስገብቼ ጠመዘዝኩ። ቀጭ አለ። ማውጫው ብሎኗ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። ማውጫ የሚሠራው በጣም ከጠነከረ ብረት ስለሆነ ተራ የመሰርሰሪያ ጫፍ አይበሳውም፣ ጫፉ ብቻ ይደንዛል። ሰባት ሳምንቱ እዚህ ሄደ። ሞተሩን አውርጄ ብረት ሥራ ቤት ወሰድኩ፣ ወረፋ ጠበቅኩ፣ ቀዳዳው እንደገና ጥርስ ወጣለት። ቀጭን ማውጫ በተጣበቀ ብሎን ላይ እንዳትሞክሩ። ማስታወቂያው ላይ ብቻ ነው የሚሠራው።

ብሎኑ ለምን ይጣበቃል? ብሎኑ ብረት ነው፣ የተገባበት አካል አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ እርጥበት ሲያገኙ አሉሚኒየሙ ይበላና ነጭ ዱቄት ይሆናል። ያ ዱቄት ጥርሱ ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ይይዛል። ጉልበት የሚጨምር ሰው ዱቄቱን አያሸንፍም፣ ብሎኑን ይሰብራል።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ መስቀሉን በመርፌ ከጭቃና ከቀለም አጸዳለሁ። ዝገት ፈቺ ዘይት ጠብ አደርግና አሳድራለሁ። በማግስቱም፣ በሠልስቱም እደግማለሁ። ትዕግሥት ከዘይቱ ዓይነት ይበልጣል። ከዚያ ካቻቢቴውን አስገብቼ ጀርባውን በመዶሻ ሁለት ሦስት ጊዜ እመታለሁ። ንዝረቱ ዱቄቱን ይሰብረዋል። ካልሆነ ሙቀት። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይሰፋል፣ ስለዚህ ቀዳዳው ብሎኑን ለቀቅ ያደርጋል። ሙቅ አየር የሚተፋ መሣሪያ ይበቃል፣ እሳት አያስፈልግም። ዘይቱ ራሱ ይቀጣጠላልና ከማሞቃችሁ በፊት ጥረጉት። ቤንዚን ታንኩም ሌላ ክፍል ይሁን።

ከዚያ በመዶሻ ሲመታ ራሱ የሚዞረው ካቻቢቴ አለ። ርካሽ ነው፣ ግን ተአምር ይሠራል። ሲመታ ጫፉ ወደ ውስጥ ስለሚጫን መስቀሉን አይልጠውም። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቅ አዙሩና መቱት፣ ከዚያ ወደ መፍታት። ወደ ማጥበቅ ያልኩት የተሳሳተ መስሏችሁ ይሆናል። አይደለም፤ ዱቄቱ ከየትም ይሰበር፣ ከተሰበረ ይበቃል።

ጭንቅላቱ ከተላጠስ? ማውጫውን እርሱት። የብሎኑን ጭንቅላት ብቻ ሰርስራችሁ ጣሉት። እነዚህ ብሎኖች አብዛኞቹ 6 ሚሊሜትር ናቸው። ከግንዱ ትንሽ በሚሰፋ ጫፍ፣ 6.5 በለው፣ መሃሉን ይዛችሁ ስትበሱ ጭንቅላቱ እንደ ቀለበት ይወልቃል። የቀሩትን ብሎኖች ፈትታችሁ ሽፋኑን ስታነሱ የተቆረጠው ግንድ ወደ ውጭ ቆሞ ታገኙታላችሁ። የሽፋኑ ውፍረት ያህል የሚያዝ ቦታ አለ ማለት ነው። አጥብቆ የሚቆለፍ ጉጠት ንከሱበትና አዙሩት። ውጥረቱ ከጭንቅላቱ ጋር ስለሄደ ብዙ ጊዜ በእጅ ሊወጣ ይደርሳል። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ሰባት ሳምንቴ በኪሴ ነበር።

ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ ተበሳጭቶ ሁሉንም በማይዝግ ብሎን ይለውጣል። እረዳዋለሁ። ግን ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ የሚያብረቀርቅ ብሎን ሞተሩ ላይ ሲታይ ከሩቅ «ተነካክቻለሁ» ይላል። ደህናዎቹን ዚንክ አስነክሩ፣ የተበላሹትን በካታሎጉ ቁጥር ግዙ። ስትመልሷቸው ጥርሱ ላይ እንዳይጣበቅ የሚያደርገውን ቅባት ትንሽ ቀቡ። ለ6 ሚሊሜትር ብሎን 10 ኒውተን ሜትር ገደማ በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ ካጠበቃችሁ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ተነቅሎ ይመጣል።

ደረጃ 3፦ ታንክና ካርቡራተር

ታንኩን በሳሙናና በውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ፣ የቤንዚን ትነት እስኪጠፋ። ከዚያ እስከ አፉ አቼቶ ሙሉት። ወይም ሲትሪክ አሲድ በሙቅ ውሃ በጥብጡ። አንድ ቀን ይደር። የተጋገረ ዝገት ካለ ትንንሽ ዳዶዎች ጨምራችሁ አንቀጥቅጡ፣ ግን ቆጥራችሁ አስገቡ። እኔ ሃያ አስገብቼ አሥራ ዘጠኝ አወጣሁ፣ ሃያኛው ከሦስት ቀን በኋላ ወጣ። አሲዱ የውጪውን ቀለም እንዳይነካ ጠርዙን ሸፍኑ። ሲያልቅ ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጣችሁበት ውሃ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት። እዚህ ላይ ከቆማችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ታንኩ እንደገና ቀልቷል። ከደረቀ በኋላ ትንሽ ዘይት አዘዋውሩበት። ውስጡን በፕላስቲክ መሰል ቀለም መለበጥ አልወድም። ሲላጥ ቅርፊቱ ቧንቧውን ይዘጋል። የሚያፈስ ታንክ ካላችሁ ቤት ውስጥ ለመበየድ አታስቡ፣ ባዶው ታንክ ነው የሚፈነዳው።

ካርቡራተሩን ስትፈቱ ጎኑ ላይ ያለችውን የአየር ብሎን ከመንቀላችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ እስክትቆም አጥብቁና ስንት ዙር እንደሄደች ጻፉ። ስትመልሱ ከዚያ ትጀምራላችሁ። ጎማና ፕላስቲኩን ሁሉ አውጡ፣ የካርቡራተር ማጽጃ ጎማ ያሳብጣል። የቤንዚን ቀዳዳዎቹ ናስ ናቸው። በሽቦ ወይም በመርፌ አትጎርጉሯቸው፣ ጥቂት ከሰፉ ሞተሩ ሁልጊዜ ቤንዚን ይበዛበታል። በአየር ንፉ፣ ወደ ብርሃን አቅኑ፣ ክብ ብርሃን ካያችሁ ንጹሕ ነው።

ደረጃ 4፦ ሞተሩ

የሚዞርና ጥሩ ግፊት ያለው ሞተር አትክፈቱ። ለማየት ብቻ ቴስታታ (የሲሊንደሩን ክዳን) ማውረድ ሱስ ነው።

ፒስተኑ ከተጣበቀ ካንዴላውን አውጥታችሁ ዝገት ፈቺ ዘይት አፍስሱበትና ለቀናት ተዉት። ከዚያ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብታችሁ የኋላውን ጎማ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ አድርጋችሁ ወዝውዙት። ማስነሻውን አትርገጡ፣ የሚሰበረው የማስነሻው ጥርስ ነው።

ሲጂ የወረቀት የዘይት ማጣሪያ የለውም። በቀኝ ሽፋኑ ስር፣ የክራንክ ዘንጉ ጫፍ ላይ የሚሽከረከር ትንሽ ከበሮ አለ። ቆሻሻው በሽክርክሪቱ እየተወረወረ ግድግዳው ላይ ይጋገራል። የኔው ውስጥ እንደ ጫማ ቀለም የጠነከረ ጥቁር ነገር ነበር። ሽፋኑን አንድ ጊዜ ከከፈታችሁ ይህን ሳታጸዱ አትዝጉ። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን።

የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሁለቱም 0.08 ሚሊሜትር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሲጂዎች እሳት የሚያገኙት ከሚከፈትና ከሚዘጋ የብረት ነጥብ ነው፤ የእሱ ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ይሁን። የካንዴላው ከ0.6 እስከ 0.7።

ደረጃ 5፦ ሽቦ፣ ፍሬን፣ ጎማ

ሆንዳ ላይ አረንጓዴ ሽቦ ወደ ሻሲ የሚሄደው ነው። ቀይ ከባትሪ ይመጣል፣ ጥቁር ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ያገኛል። ጥቁሩን ሻሲ ላይ ያሰረ ሰው አውቃለሁ፣ በመስታወት አየዋለሁ። ፊውዙ ነው ያዳነው። ሽቦውን በአዲስ ከመቀየራችሁ በፊት መገናኛዎቹን አጽዱ፣ ከአሥር ችግር ዘጠኙ እዚያ ነው።

የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። አቧራውን በአየር አትንፉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ጨርቁን አስራችሁ ጣሉ። ኩሽኔታ ቀይሩ፣ ካላማዳሪም ቀይሩ። የጎማውን ዕድሜ ከጎኑ አንብቡ፦ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተሠራ አራት አሃዝ አለው፣ የመጀመሪያው ሁለት ሳምንቱ፣ የመጨረሻው ሁለት ዓመቱ ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካለው እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት ነው፣ ጥርሱ ያማረ ቢሆንም አትንዱበት።

ደረጃ 6፦ ቀለም

ትክክለኛውን ቀለም ፀሐይ ያልነካው ቦታ ፈልጉ፣ ከጎን ሽፋኑ ጀርባ ወይም ከወንበሩ ስር። የኔው ታንክ ለዓመታት ብርቱካናማ መስሎኝ ቀይ ነበር። የፋብሪካው ቀለም ደህና ከሆነ በፍጹም አትላጡት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ኦሪጅናል የሚሆነው። የዛገ ኒኬል በእርጥብ የአሉሚኒየም ወረቀት ይታሻል፤ አሉሚኒየሙ ከኒኬሉ ስለሚለሰልስ አይጭረውም። ሻሲውን ስትቀቡ የተመታውን ቁጥር፣ የኩሽኔታ መቀመጫውንና የአረንጓዴው ሽቦ ማሰሪያ ቦታ ሸፍኑ። ሻሲዬን ወፍራም ቀለም ቀብቼ መብራቱ አልበራ ሲለኝ ግማሽ ቀን ሽቦ ፈለግኩ።

ደረጃ 7፦ መግጠምና ማስነሳት

መግጠም የመፍታት ግልባጭ ነው ይባላል። በፎቶ ከታገዘ፣ አዎ።

አዲስ ዘይት ሙሉ፣ ካንዴላውን አውጥታችሁ ብዙ ጊዜ እርገጡ፣ ዘይቱ እስከ ላይ ይድረስ። ካንዴላውን መልሱ። ቾክ ዝጉ። እርገጡ። የመጀመሪያው ጭስ ያስደነግጣል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያፈሰሳችሁት ዘይት ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላም ካላቆመ ጥፋቱ የፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት ነው፣ ያኔ ቴስታታውን ለማውረድ በቂ ምክንያት አገኛችሁ።

ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ቀይሩ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አድርጉ፣ የቫልቭ ክፍተቱን ደግማችሁ ለኩ። የኔው ያን ጊዜ የላላው የማርሚታው ዳዶ ብቻ ነበር። እና አንድ ፌስታል ውስጥ ስም ያልተጻፈላት 6 ሚሊሜትር ብሎን ቀርታለች። ካታሎጉን ሦስት ጊዜ አገላብጫለሁ።