ጉልበት ስንት ዲግሪ እንደታጠፈ በስልክ ለመለካት

ከጉልበት ቀዶ ሕክምና በኋላ ፊዚዮቴራፒ ላይ ላላችሁ፦ የሳምንቱን ለውጥ በዓይን ግምት አትያዙ። ስልካችሁ ውስጥ ያለው አክስለሮሜትር (የስልኩን ዝንባሌ የሚያውቀው ሴንሰር) ይበቃል። አይፎን ላይ ሜዠር (Measure) በሚባለው አፕ ውስጥ ያለው ሌቭል (Level)፣ አንድሮይድ ላይ ደግሞ ማንኛውም የክሊኖሜትር (የዝንባሌ መለኪያ) አፕ ይሆናል።

በጀርባችሁ ተኙና ተረከዛችሁን አልጋው ላይ እያንሸራተታችሁ የቻላችሁትን ያህል ወደ መቀመጫችሁ ሳቡ። የስልኩን ረጅም ጠርዝ መጀመሪያ በጭናችሁ መሃል፣ ቀጥሎ ከጉልበት በታች በቅልጥሙ አጥንት ላይ በቁመት አሳርፉ። ሁለቱን ንባቦች ደምሩ፤ ጭኑ 40፣ ቅልጥሙ 55 ካለ ጉልበቱ 95 ዲግሪ ታጥፏል ማለት ነው። ሴንሰሩ የሚለካው ከመሬት ስበት አንጻር ስለሆነ አልጋው ቢያዘነብልም ድምሩ አይዛባም።

ስልኩን በጀርባው አታስተኙት፤ የካሜራው ጉብታ ያጋድለዋል። ወፍራም ሽፋን ካለውም አውጡት። አንዳንድ አፕ 45 ዲግሪን ሲያልፍ ከሌላው ጎን መቁጠር ስለሚጀምር 55 የነበረው 35 ሆኖ ይታያል፤ ቁጥሩ ድንገት ካነሰ ከ90 ቀንሱት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ቦታው ላይ ነው። ሁለቱንም ቦታዎች በእስክሪፕቶ ምልክት አድርጉና ሁልጊዜ እዚያው ለኩ፣ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ጻፉ። ከ5 ዲግሪ በታች የሆነ ልዩነት የመለኪያው ስህተት ሊሆን ስለሚችል አያስደስታችሁ፣ አያስደንግጣችሁም።

ሐኪሙ የመታጠፍ ገደብ ካስቀመጠ ለመለካት ብላችሁ አትለፉት። ባታችሁ አብጦ የሚያም ከሆነ መለካቱን ትታችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል።