ሰምቶ እንዳልሰማ የሚሆን ልጅ፦ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ሲቋጠር

ይህ ችግር ለመያዝ የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ስለማያምም ነው። ትኩሳት የለም፣ ለቅሶ የለም። ልጁ ይበላል፣ ይጫወታል። ስለዚህ ወላጅ ከጆሮው ይልቅ ጠባዩን ይጠረጥራል።

ምልክት፦ ሲጠሩት አይመልስም፣ ቴሌቪዥን ያስጮኻል

ከታምቡሩ ጀርባ አየር የሚሞላው ትንሽ ክፍተት አለ። አየሩ የሚገባው ከአፍንጫ ጀርባ በሚነሳ ቀጭን ቱቦ ነው። የልጆች ቱቦ አጭርና ጠባብ ነው፣ ደግሞም አግድም የተኛ ነው። ጉንፋን ሲይዛቸው ወይም አዴኖይድ (ከአፍንጫ ጀርባ ያለ እጢ) ሲያብጥ ቱቦው በደንብ አይሠራም፤ ክፍተቱ ውስጥ ፈሳሽ ይቋጠራል። የጆሮ ኢንፌክሽን ከዳነ በኋላም ፈሳሹ ሊቀር ይችላል።

ታምቡሩ እንደ ልቡ ስለማይርገበገብ ድምፅ ይታፈናል፣ ጨርሶ ግን አይጠፋም። ፊት ለፊት ሲያናግሩት የሚመልሰው ልጅ ከሌላ ክፍል ሲጠሩት ዝም የሚለው ለዚህ ነው። አንድ ቀን ይሻለዋል፣ ሌላ ቀን ይብስበታል። «ሲፈልግ ይሰማል» የሚባለውም ይሄኔ ነው። ከመቆጣት በፊት ጆሮውን ማስመርመር ይሻላል። በቤት ውስጥ ከጀርባው ሆኖ በሹክሹክታ መጥራት ፍንጭ ይሰጣል፤ መልስ ሰጠ ማለት ግን ጆሮው ንጹህ ነው ማለት አይደለም።

ምልክት፦ ጆሮው ታየ፣ «ቀይ ነው» ተባለ፣ አንቲባዮቲክ ታዘዘ

ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ልጅ ሲያለቅስም ታምቡሩ ይቀላል፤ መቅላት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ድንገተኛ ኢንፌክሽን ሲሆን ታምቡሩ ወደ ውጭ ይነፋል፣ ልጁም ያመዋል። ሳያሳምም የሚቋጠረው ፈሳሽ ሲሆን ግን ታምቡሩ አይነፋም፣ አንዳንዴም ወደ ውስጥ ይሳባል። ይደበዝዛል ወይም ቢጫ ይመስላል፤ አልፎ አልፎ አረፋ ይታይበታል።

ዋናው ጥያቄ «ታምቡሩ ይንቀሳቀሳል ወይ?» የሚለው ነው። ሐኪሙ በኦቶስኮፕ (ጆሮ በሚታይበት መሣሪያ) እያየ በትንሽ የጎማ ፊኛ አየር ይገፋል። ጤነኛ ታምቡር ወዲያው ይንቀሳቀሳል፣ ፈሳሽ ያለበት ግን እምብዛም አይነቃነቅም። ይህ ካልተደረገ እንዲደረግ ቢጠይቁ አያስነውርም።

ካላረካ ቲምፓኖሜትሪ አለ፤ በድምፅና በአየር ግፊት የታምቡሩን እንቅስቃሴ ለክቶ በግራፍ የሚያሳይ ምርመራ ነው። አያምም፣ ቶሎ ያልቃል። ግራፉ ጉብታ ከሌለውና ጠፍጣፋ ከሆነ ፈሳሽ ይጠረጠራል። ግን በዚህ ብቻ አይፈረድም፤ መሣሪያው የሚለካው የጆሮ ቦይ መጠንም አብሮ ይነበባል። መጠኑ መደበኛ ከሆነ ፈሳሽ ነው። ካነሰ ኩክ ዘግቶት ወይም መሣሪያው ግድግዳውን ነክቶ ይሆናል። በጣም ከበዛ ደግሞ ታምቡሩ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት የተለመደው የ226 ኸርዝ ድምፅ ያሳስታል፤ 1000 ኸርዝ ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ፈሳሽ መኖሩ ተረጋገጠ፣ ሐኪሙ ግን «እንጠብቅ» አለ

ትክክል ነው። አብዛኛው ፈሳሽ በ3 ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል። አንቲባዮቲክ፣ የአለርጂ መድኃኒት፣ የአፍንጫ ማድረቂያና ስቴሮይድ ለዚህ አይመከሩም። እስከዚያው ቀርበው ፊት ለፊት ያናግሩት፤ መምህሩ ከፊት ያስቀምጠው። ቤት ውስጥ ሲጋራ አይጨስ፣ ሕፃን ተኝቶ ጡጦ አይጥባ።

3 ወር ካለፈ የመስማት ምርመራ ይደረጋል። ሁለቱም ጆሮዎች ፈሳሽ ከያዙና መስማቱ ከቀነሰ፣ ከአንገት በላይ ሐኪም ታምቡሩ ላይ ትንሽ ቱቦ ሊያስገባ ይችላል። ከ4 ዓመት በላይ ከሆነ አዴኖይድ ማውጣትም ይታሰባል።

የማይጠበቅበት ጊዜ

ንግግሩ የዘገየ፣ ዳውን ሲንድሮም ያለበት፣ ላንቃው የተሰነጠቀ ወይም ቀድሞም የመስማት ችግር ያለበት ልጅ 3 ወር ሳይጠብቅ ይመርመር። ከጆሮ ጀርባ ካበጠ፣ ጆሮው ወደ ፊት ከተገፋ ወይም ፊቱ በአንድ ወገን ከተጣመመ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ሲወለድ የተደረገለትን የመስማት ምርመራ ያላለፈ ሕፃን ደግሞ «ፈሳሽ ነው፣ ይሄዳል» ተብሎ አይተው። ከፈሳሹ ጀርባ የነርቭ ችግር ሊኖር ስለሚችል ሙሉ ምርመራ ይደረግለት።