«ማንም አያስፈልገኝም» የሚል የሮክ ግጥም ስትሰሙ እነዚህን አትሳሳቱ

ደሴ ፒያሳ ቡና ይዘን ስለ ሮክ ስናወራ ሁሌ የሚነሳ ክርክር አለ። ልቡን ቆልፎ የሚዘፍነው ሰው ጨካኝ ነው ወይስ የተጎዳ? ብዙዎቻችሁ ጨካኝ ነው ትላላችሁ። በፍጹም አልስማማም።

ትልቁ ስህተት ዘፋኙን በቃሉ ማመን ነው። ጆሯችን ያደገው በትዝታና በአምባሰል ነው፤ እዚያ የናፈቀው ሰው ናፈቀኝ ብሎ በግልጽ ያንጎራጉራል። እንዲህ ያለው የሮክ ግጥም ግን ናፍቆቱን አልናፈቀኝም እያለ በመካድ ነው የሚናገረው። አሜሪካዊው ዘፋኝ ፖል ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳውን «አይ አም ኤ ሮክ» («ድንጋይ ነኝ») ልብ ብላችሁ ስሙት። ሰውየው መጽሐፎቼ ይበቁኛል፣ ጓደኛ አልፈልግም ይላል። ግን የት ነው ያለው? መስኮት ላይ ቆሞ መንገዱን እያየ! ሰው ያልናፈቀው ሰው መስኮት ላይ ምን ይሠራል?

ሌላው፣ ሁሉንም «ፍቅረኛው ከድታው ነው» ብሎ መዝጋት። የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዎል» («ግንቡ») አልበም (እ.ኤ.አ. 1979) ውሰዱ። የባንዱ ግጥም ጸሐፊ የሮጀር ዋተርስ አባት በ1944 ጣሊያን ውስጥ በጦርነት ሲሞት ልጁ ገና ጨቅላ ነበር። ዋተርስ በ1977 ሞንትሪያል መድረክ ላይ አንድ አድናቂ ላይ ተፋ፣ በራሱም ደነገጠ፣ በራሱና በሰው መካከል ግንብ የመገንባቱ ሐሳብ የመጣው ከዚያ ነው። በአልበሙ ታሪክ ውስጥ የከዳች ሚስት አለች፣ ግን አባትም፣ አስተማሪም፣ እናትም አሉ።

በጣም የሚያሳዝነኝ ደግሞ ግማሹን ቆርጦ ምክር ማድረግ ነው። ቴሌግራም ላይ «ግንብህን ገንባ» እያላችሁ ትለጥፋላችሁ፣ አልበሙ መጨረሻ ላይ ግንቡ እንደሚፈርስ ግን አትናገሩም። እባካችሁ እስከ መጨረሻው ስሙት።

ራሳችሁ ስትጽፉም «ልቤ ድንጋይ ሆነ» እያላችሁ አትደጋግሙ። ይልቅ እንዲህ ያለ ነገር አሳዩ፦ ከኮምቦልቻ የተነሳው ሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ የሰውየው ስልክ ይጠራል፣ ስሟን ያያል፣ ስልኩን ገልብጦ ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። ግን አይዘጋውም። ይኼ ይበቃል፣ ሌላ ማብራሪያ አትጨምሩበት።

ሙዚቃውንም አትርሱ። በዚያው አልበም «ኮምፈርተብሊ ነምብ» በሚለው ዘፈን ላይ ቃሉ ደንዝዣለሁ ሲል የባንዱ ጊታሪስት የዴቪድ ጊልሞር ጊታር ያለቅሳል። ስለዚህ ጊታር ለሚመታው ጓደኛችሁ ግጥሙን ብቻ ሰጥታችሁት አትሂዱ፣ ሰውየው ምን እንደደበቀም ንገሩት።