አሽዋጋንዳ የምትወስዱ፣ ሰዓቱን አስተካክሉ

እዚህ ሐዋሳ አንድ ወዳጄ፣ እህቱ ከውጭ የላከችለትን አሽዋጋንዳ (ለጭንቀትና ለእንቅልፍ የሚወሰድ የዕፅ እንክብል) ጠዋት በባዶ ሆዱ ሁለት ሁለት ፍሬ ሲውጥ ከርሞ ቀኑን ሙሉ ሲደብተውና ሆዱን ሲያመው ነበር። አሽዋጋንዳ ዝቅ ያደርገዋል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን፣ ኮርቲሶል፣ ጠዋት ከፍ ማለቱ ጤና ነው፤ ከእንቅልፍ በነቃን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ይነካል፣ እኩለ ሌሊት ገደማ ዝቅ ይላል። ከአልጋ የሚያስነሳን እሱ አይደል? ችግሩ ማታም አልወርድ ሲል ነው። ስለዚህ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ከእራት ጋር ቢወስደው ይሻላል።

በጥናቶች የተለመደው የንጥሩ (ከተክሉ ተጣርቶ የወጣው) መጠን በቀን ከ300 እስከ 600 ሚሊግራም ነው። የሥሩ ዱቄት ሌላ ነው፤ የዕቃውን ጀርባ አንብቡ። ከትንሹ ጀምሩና እስከ 8 ሳምንት ታገሡ።

ነፍሰ ጡር፣ ጉበቱን የሚያመው፣ የታይሮይድ ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው። ዓይን ቢጫ ካለ ወዲያው አቁሞ ወደ ሐኪም ነው።

ደግሞ ማታ 1 ሰዓት ላይ በረካውን ጠጥቶ፣ 3 ሰዓት ላይ እንክብል መዋጥ ምን ይባላል? ወዳጄ ቡናውን ወደ ጠዋት አዛውሯል።