የኪነ ጥበብ ክበቦች ከአካል ጉዳተኛ ከያንያን ጋር ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱና በመሳሰሉት የአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች ያሉ አማተር ክበቦች ስለ አካል ጉዳት የሚያወሳ ሥራ ለመሥራት የሚነሡት በቅን ልቡና ነው። ሆኖም አካል ጉዳተኛው ከኑሮው ያካበተው ዕውቀት እንደ ሙያ ዕውቀት ስለማይቆጠር ሥራው ብዙ ጊዜ ገና ከጅምሩ ይበላሻል።

ሌሎቹን የሚያስከትለው ዋናው ስህተት አካል ጉዳተኛውን ድርሰቱ ካለቀ በኋላ ለአስተያየት መጥራት ነው። ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ጥቂት ቀን የተለማመደ ተዋናይ የሚማረው ብርሃኑን ድንገት ያጣ ሰው የሚሰማውን ድንጋጤ ብቻ ስለሆነ፣ መድረክ ላይ እጁን ዘርግቶ ሲደናበር እናየዋለን። ለዓመታት ያለ ዓይን ብርሃን የኖረች ሴት ግን የገባውን ሰው በእርምጃው ትለያለች፤ የተከፈተ በር አጠገብ መድረሷን ከድምፅ መለወጥ ታውቃለች፤ የምትሳፈርበትንም ታክሲ በረዳቱ ጥሪ ትመርጣለች። ይህ ሁሉ ለተውኔት የሚሆን ድርጊት እያለ ታሪኩ በሞት ወይም በተአምራዊ ፈውስ መደምደሙ ያሳዝናል። ባለጉዳዮቹ ከመጀመሪያው ንባብ ጀምሮ ይገኙ፤ ሐሰት የመሰላቸውን ትዕይንት የማሰረዝ ሥልጣንም ይኑራቸው።

ሁለተኛው ስህተት የቦታ ምርጫ ነው። ልምምዱ ፎቅ ላይ ሲሆን ዊልቸር ተጠቃሚውን ጓደኞቹ ተሸክመው ያወጡታል፤ ብዙዎችም ይህን የፍቅር መግለጫ አድርገው ያዩታል። በፈለገ ጊዜ ወጥቶ መጸዳጃ ቤት መሄድ የማይችል ሰው ግን ልቡ ረግቶ ሊለማመድ አይችልም። የአገራችን የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለዊልቸር ተጠቃሚዎች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው የደነገገ በመሆኑ የአዳራሹን አስተዳደር በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ እስከዚያው ልምምዱ ወደ ታችኛው ወለል ይውረድ። በኮብልስቶን መንገድ ላይ ዊልቸር መግፋት አድካሚ ስለሆነ፣ ዊልቸር የሚጭን ሚኒባስም ሲመሽ ስለሚጠፋ፣ ሰዓቱ ከተሳታፊው ጋር መወሰን አለበት።

በውዝዋዜ በኩል አሠልጣኞች እግሩን ለማያንቀሳቅስ ዳንሰኛ የሌሎቹን እንቅስቃሴ ቀንሰው ይሰጡታል፤ አለዚያም መሐል አስቀምጠው ይዞሩታል። እስክስታ ከሁሉ በፊት የትከሻ፣ የአንገትና የደረት ጥበብ መሆኑን ያስተዋለ አሠልጣኝ እንዲህ አያደርግም። የጎማው ዙረትና ድንገተኛ መቆም፣ የክራንቹም ምት ሌሎቹ ዳንሰኞች የሚከተሉት መነሻ ሊሆን ይችላል። በ1991 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ አካል ጉዳተኞችና ጉዳት የሌለባቸው ዳንሰኞች አብረው የሚሠሩበትን ካንዱኮ የተባለ የዳንስ ቡድን ከሴለስት ዳንደከር ጋር የመሠረተው አዳም ቤንጃሚን አዲስ አበባ መጥቶ ከአዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቴአትርና ከአካል ጉዳተኛ ዳንሰኞች ጋር ስለሠራ፣ ነገሩ ለከተማችን እንግዳ አይደለም። መስማት የተሳነው ዳንሰኛ የከበሮውን ንዝረት ተከትሎ ይወዛወዛል ብሎ መተማመንም ስህተት ነው። የእንጨት ወለል ንዝረትን በደንብ ያስተላልፋል፤ የብዙ አዳራሾቻችን የሲሚንቶ ወለል ግን እምብዛም ስለማያስተላልፍ፣ ከበሮ መቺው ዳንሰኛው ሊያየው በሚችልበት ስፍራ ይቁም።

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚን ብርሃን በማይደርስበት ጥግ ማቆም ከንቱ ድካም ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ስላለው ቃለ ተውኔቱ ለአስተርጓሚው አስቀድሞ ሊሰጠው ይገባል።

በኮሜዲ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች አሉ። አንዱ የሚንተባተብን ወይም የሚያነክስን ሰው በመኮረጅ ማሳቅ ነው፤ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሌላው ግን ያንን በመፍራት የሚመጣ ሲሆን፣ አካል ጉዳተኛው ኮሜዲያን ከቀልዱ ተገፍቶ «እንዴት ሆንክ?» እየተባለ የጉዳቱን ታሪክ ለታዳሚ እንዲናገር ይደረጋል። የታክሲ ረዳቱ ዊልቸሩን እንደ ጭነት ቆጥሮ የሁለት ሰው ሒሳብ ሲጠይቀው፣ ምጽዋት ላልጠየቀ ሰው መንገደኛው ሳንቲም ሲጥልለት፣ ነገሩን ከውስጥ የሚያውቀው እሱ ነው፤ እሱ ሲነግረን ሳቁ የሚያርፈው በረዳቱና በመንገደኛው ላይ ነው። ስለ ቤት ኪራይ ወይም ስለ ፍቅር ብቻ መቀለድ ከፈለገም መብቱ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ሌሎች ተዋንያን አበል ሲቀበሉ አካል ጉዳተኛውን በምስክር ወረቀት ማሰናበት ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 ላይ የእነዚህ ሰዎች የጥበብ ተሰጥኦ ለራሳቸው ጥቅም ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡንም ለማበልጸግ ሊዳብር እንደሚገባ ያስቀምጣል። ክፍያው ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሁን፤ ከአጋዥ ጋር የሚመጣ ከሆነም የአጋዡ የትራንስፖርት ወጪ ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ ይያዝ።