አዛውንቶችን ይዞ ሮሽ ሃኒክራ፦ ገደል፣ ዋሻና ባሕር በአንድ ቀን

የመጀመሪያው ጉዟችን ላይ ሦስት እናቶች ከአውቶቡሱ ሳይወርዱ ተመለሱ። አንዷ የኔ እናት ነበረች። አስጎብኚ ድርጅቱ የሰጠን ፕሮግራም ወረቀት ላይ ሲታይ ያስጎመጃል፦ ጠዋት ቂሣርያ፣ ቀጥሎ የሃይፋ የባሃኢ አትክልት ስፍራ፣ ምሳ አኮ፣ መጨረሻ ላይ የሮሽ ሃኒክራ ዋሻዎች። ዋሻው ጋ ስንደርስ የማንም ጉልበት አልቀረም። «ባሕሩን በመስኮት አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል» አለችኝ እናቴ። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበሩ ላይ ሰቅላለች። ፕሮግራሙን አይቼ የፈረምኩት እኔ ነኝና ማንን ልቆጣ?

ከዚያ ወዲህ ከኔታንያ ከተማ አራት ጊዜ ሰው ይዤ ሄጃለሁ። አብዛኞቹ ስልሳ ያለፋቸው የጎንደርና የትግራይ ሰዎች ናቸው። እናትና አባታችሁን ወይም የሰፈር ሰው ይዛችሁ መሄድ ካሰባችሁ ይህ ለእናንተ ነው።

ቦታውን ለማታውቁት፦ ሮሽ ሃኒክራ እስራኤል በሰሜን በባሕሩ በኩል የምታልቅበት ነው። 4 ቁጥር መንገድ እዚያ ይቆማል። ከአጥሩ ወዲያ ሊባኖስ ነው። ገደሉ ነጭ ነው፣ ትምህርት ቤት የምናውቀው የጠመኔ ዘር። 70 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ድንጋዩ ለስላሳ ስለሆነ ከላይ የዝናብ ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ ከታች ማዕበሉ ይቦረቡረዋል። እንዲህ ሆኖ ሥሩ ላይ ዋሻዎች ተፈልፍለዋል፤ ሲደመሩ 200 ሜትር ያህል ይሆናሉ። በፈረንጆቹ 1968 መግቢያው እስኪቆፈር ድረስ ውስጡን ያየው በባሕር በኩል የመጣ ሰው ብቻ ነበር።

ድንበር መሆኑን ግን አትርሱ። በኦክቶበር 2023 ጦርነቱ ሲጀመር የአካባቢው ነዋሪ እንዲወጣ ተደርጎ ቦታውም ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ደውሉ፣ ስትመዘገቡና የጉዞው ዕለት ጠዋት። የፒኩድ ሃኦሬፍን፣ የሕዝቡን ደኅንነት የሚጠብቀውን የጦሩን ክፍል፣ መመሪያም እዩ። ባሕሩ ሲቆጣም ከገደሉ አናት ወደ ዋሻው በገመድ የሚያወርደው ኬብል ካር ይቆማል፤ ያለሱ ደግሞ ዋሻው አይገባም። ውል ስትፈርሙ «ከተዘጋ ቀኑ ይዛወራል» የሚል ነገር በጽሑፍ ይኑር። በቃል የተባለ አይሠራም፣ እኔ ቀምሼዋለሁ።

ቀን ምረጡ። ዋሻው ደስ የሚለው በዚህ አገር ክረምት፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነው፣ ማዕበሉ ሲያጓራ። ዝናብና ነፋስ ካለፈ በኋላ ባለው ቀን ሰማዩ ጠርቶ ባሕሩ ገና አልተረጋጋም፤ ያኔ ነው መሄድ። ግን መዋኘት የለም። ዋሻውንም ባሕር ዳርቻውንም በአንድ ቀን የሚፈልግ ሰው በሜይ ወይም በኖቬምበር አካባቢ ከሚውለው የቤተ እስራኤል በዓል ከስግድ በፊት ባሉት ሳምንታት ይሂድ። ከስግድ በፊት ውሃው የበጋውን ሙቀት ገና ይዟል፣ ሰዉም ቀንሷል። ጁላይና ኦገስት አይመከርም። ሙቀቱ ለሽማግሌ አይሆንም፣ ሜዱዛ የሚባለው እንደ ሙልጭልጭ ጄሊ ያለው የባሕር እንስሳም በብዛት የሚመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ዓርብ አትሂዱ። መንገድ ከተዘጋጋ ሰንበት ይገባል፣ አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች ሁሉ ሰዓት እያዩ እናንተን ማየት ይጀምራሉ።

አሁን ዋናው ነገር፣ አስጎብኚው። ከቱሪዝም ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው መሆኑን ጠይቁ፤ ያለው ሰው መታወቂያውን ለማሳየት አይከፋውም። ቀጥሎ «በቀኑ ስንት ቦታ እንሄዳለን?» በሉት። አራት ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ። የኛ ልክ ሁለት ነው፣ ዋሻውና የአክዚቭ ባሕር ዳርቻ። አቅም ከተረፈ አኮ ይጨመራል። የሚበዛው ሰው ወጣት ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ የኔ ምክር ለኛ ሰዎች ነው። ዋሻው ደግሞ የግድ መጀመሪያ ይሁን። ቂሣርያ ራሷን የቻለች ቀን ትፈልጋለች። የሐዋርያት ሥራን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባውን ያጠመቀው ፊልጶስ ወደዚያች ከተማ መሄዱን ያስታውሳልና ቸኩሎ አያልፋትም።

ሌላው ጥያቄ «ታሪኩን የት ነው የምትነግረን?» የሚለው ነው። ዋሻ ውስጥ ምንም አይሰማም። ባሕሩ ይጮኻል፣ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል። አስጎብኚው በዕብራይስጥ፣ እኔ በአማርኛ እየተጯጯህን ማንም አንድ ቃል ሳይሰማ የወጣንበት ቀን አለ። ታሪኩ አውቶቡስ ውስጥ፣ በማይክ፣ ሃይፋን ካለፍን በኋላ ይለቅ። አስተርጓሚዋ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጥ። ዋሻ ውስጥ ሁሉም ዝም ብሎ ይስማ።

እነማንን እንደያዛችሁም ቀድማችሁ ንገሩት። አንዱ አስጎብኚ ይህን ሰምቶ ኖሮ ማይኩን ያዘና «ባሕር መጀመሪያ ያያችሁት የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከኋላ አንድ አባት ተነሡ። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ከሱዳን ባሕር ዳርቻ በሌሊት በትንሽ ጀልባ ወጥተው የእስራኤል ባሕር ኃይል መርከብ ላይ ከተጫኑት ናቸው። «እኔ እንኳ አላየሁትም» አሉ። «ጨለማ ነበር። የሰማሁት ድምፁን ነው።» ዋሻ ውስጥ ከሁሉ በላይ የቆሙት እሳቸው ነበሩ። እጃቸውን ብረቱ ላይ አድርገው ውሃው ሲገባ ሲወጣ ይሰማሉ። አስጎብኚው አልጠራቸውም፣ ጠበቃቸው። ስልኩን ይዤዋለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ አልፈለግኩም።

ሰዓት። እዚህ ጋ ሳቁብኝ። ለአንዲት እናት በስልክ «በሰባት ሰዓት እንነሣለን» አልኳት። በኢትዮጵያ ሰዓት ሰምታው ኖሮ ጠዋት አውቶቡሱ ሲነሣ እሷ ቤቷ ቡና ታፈላለች። አሁን «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ሰባት» እላለሁ፣ ማታም ደግሜ እደውላለሁ። ከኔታንያ በ2 ቁጥር መንገድ ሃይፋ፣ የካርሜልን ተራራ በመኪናው ዋሻ ማለፍ፣ ከዚያ በ4 ቁጥር አኮን፣ ናሃሪያን አልፎ መጨረሻው ድረስ። ሁሉም ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። የሃይፋን የጠዋት ግርግርና የሽንት ቤት ማቆሚያ ጨምራችሁ ሁለት ሰዓት ያዙ።

ጫማ ከታች ጎማ ያለውና ተረከዙ የተዘጋ ይሁን። የዋሻው ወለል ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ደረጃም አለው። ሸበጥ ያደረገ ሰው ካለ አውቶቡስ ውስጥ እንዲጠብቅ ንገሩት፣ ይቆጣችሁ። ነጠላ ለፎቶ ያምራል፣ ግን ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ነፋስ ቀልድ አያውቅም። የአንዷ ነጠላ ከትከሻዋ ተነሥቶ አጥሩን አለፈና እንደ ወፍ ክንፉን ዘርግቶ ወደ ባሕሩ ወረደ። እስከ ዛሬ «ነጠላዬ ቤይሩት ደርሷል» ትላለች። አሁን በመርፌ ቁልፍ እናያይዛለን። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የእጅ ቦርሳ ውስጥ እንጂ የአውቶቡሱ ሆድ ውስጥ አይግባ።

ምግብ ይዛችሁ ሂዱ። ፍርፍር በሳህን ተከድኖ መንገድ ይችላል፣ ወጥ ግን ይፈሳል። ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ብርቱካን። ቡናውን በተመለከተ አንድ ጊዜ ጀበናና የጋዝ ምድጃ ይዘን ሄደን ነፋሱ እሳቱን አሥር ጊዜ አጠፋብን። ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን ዘርግተው ከልለው በስንት መከራ አንደኛው ፈላ፣ ሁለተኛው ግን ሳይፈላ ቀረ። ቤት ፈልቶ በፔርሙዝ ይምጣ።

ስትደርሱ ላይኛው ሜዳ ላይ አሥር ደቂቃ ስጧቸው። ሽንት ቤት እዚያው ይጨረስ። ኢየሩሳሌም 205፣ ቤይሩት 120 ኪሎ ሜትር የሚለው ሰሌዳ አለ፣ ሁሉም እዚያ ፎቶ ይነሣል። ድንጋዩ ላይ ደግሞ ሽኮኮዎች ፀሐይ ይሞቃሉ። እናቴ አውቶቡስ ውስጥ ያልቀረችበት ጊዜ ይኼ ነው፣ አንዷን አይታ «ውይ! አንቺም እዚህ ነሽ?» አለቻት። ድንጋይ የሽኮኮ መጠጊያ ነው የሚለውን ዳዊት አንዱ ቄስ ወዲያው አነሡ። ከዋሻው ይልቅ ስለ ሽኮኮዋ ያወራችው ይበልጣል።

ኬብል ካሩ ቁልቁለቱ 60 ዲግሪ ስለሆነ ከላይ ሲታይ ያስፈራል። መውረዱ ግን አጭር ነው፣ አንድ መዝሙር ሳይደገም ያልቃል። የሚፈራ ሰው ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ይቀመጥ። ጎበዞቹን መጀመሪያ አውርዱና ከታች እጃቸውን ያውለብልቡ። በሁለቱም ጫፍ ስም ዝርዝር የያዘ ሰው ይቁም።

ከዚያ ዋሻው። መጀመሪያ የሚመታችሁ ቅዝቃዜው ነው፣ ቀጥሎ የጨው ሽታው። ከጣሪያው አንድ ጠብታ አንገታችሁ ላይ ጠብ ትላለች። ግድግዳው በእጅ የተላገ ይመስላል፣ ነጭ፣ አንዳንዱ ጋ በአልጌ አረንጓዴ። ወደ ባሕሩ የተከፈተው ቀዳዳ ጋ ስትደርሱ ቁሙ። ውሃው መጀመሪያ ወደ ኋላ ይሸሻል። ለአፍታ ጸጥ። ከዚያ ከድንጋዩ ሆድ ውስጥ «ድም!» ይላል፣ አረፋው ይነሣል፣ ፊታችሁ ይረጥባል። ቀለሙ በፀሐዩ ይለዋወጣል፤ እኛ ጠዋት ስንገባ ውሃው ከሥሩ መብራት የበራበት ይመስል ነበር። አትቸኩሉ። ሰባት ስምንት ማዕበል ቁጠሩና እለፉ፤ ሁሉም እኩል አይመጣምና ትልቁን ሳያዩ የሚሄዱ ብዙ ናቸው።

የሙሽራዋን ተረት ማንም አስጎብኚ አይተወውም። የአኮ ልጅ ናት፣ ለአንድ ሽማግሌ ወደ ጢሮስ ልትዳር ሰርገኞቹ በዚህ ገደል ሲያልፉ ዘላ ባሕሩ ውስጥ ገባች፤ ዋሻው ውስጥ የሚሰማው ለቅሶዋ ነው ይባላል። የኛ እናቶች ተረቱን ሰምተው ተነጫነጩ። «መዝለል የነበረበት አባቷ ነው» አለች አንዷ፣ አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም በአሥራ ሦስት ዓመቷ የተዳረች ናት።

ከታች የባቡር ዋሻም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1941 እና 42፣ የእንግሊዝ ጦር ሃይፋን ከቤይሩት ለማገናኘት ያስቆፈረው ነው። በ1948 ድልድዩ ፈርሶ ባቡሩ ቀረ። አሁን ውስጡ ስለ ቦታው አጭር ፊልም ይታያል፣ ጥቅሙ በዋናነት መቀመጫ መኖሩ ነው። የደከመውን ሰው እዚያ አሳርፉ።

አክዚቭ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ወደ ደቡብ ነው። ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ መግቢያ ይከፈላል። ሣር አለ፣ ጥላ አለ፣ ድንጋዩ ማዕበሉን ገትቶ እንደ ገንዳ ያደረገው ጥልቀት የሌለው ውሃ አለ፤ ዋና ለማያውቅ ሰው እግር መንከሪያ የሚሆን ነው። ባንዲራውን እዩ፦ ነጭ ይዋኛል፣ ቀይ አደጋ አለው፣ ጥቁር ክልክል ነው። ጠባቂ ዋናተኛ ከሌለ ከጉልበት በላይ ማንም አይግባ። የልጅ ልጆች ካሉ አንድ ሰው ሥራው እነሱን ማየት ብቻ ይሁን፣ ቡና እየቀዳ የሚያይ ሰው አያይም። ሜዱዛ የነካው በባሕሩ ውሃ ይታጠብ፣ አይፈተግ፣ የቧንቧ ውሃም አይፍሰስበት። ምሳው እዚህ ነው፣ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት እንቅልፍም እዚህ።

አኮን ድምፅ አሰጥታችሁ ወስኑ። ናፖሊዮን በ1799 ከብቦ ያቃተው ከተማ ነው፣ ግንቡም ባሕሩ ዳር ቆሟል። አንድ ሰዓት ብቻ ካላችሁ ወደ መስቀል ጦረኞቹ አዳራሽ ግቡ፣ ቀዝቃዛ ነው። ብዙውን ጊዜ ድምፁ «ወደ ቤት» ይሆናል፣ እኔም አልከራከርም።

ስትመለሱ አሸዋውን ከጫማ ሳያራግፍ የሚገባ እንዳይኖር፣ ሾፌሩ ለሌላ ጊዜ ይታረቃችኋል። ሰው ቁጠሩ፣ ከዚያ እንደገና ቁጠሩ። ከሃይፋ ወዲህ ሁሉም ይተኛል። የሐዴራ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች በመስኮት ሲታዩ ኔታንያ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቀራታል። ያን ጊዜ መቀስቀስ ጀምሩ። የሁሉም ጫማ ከወንበር ሥር እስኪገኝ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል።