ሳሎኑ ሲደበዝዝ ኮሪደሩም እንዲደበዝዝ፦ የሁለት አምፖሎችን ድምቀት በሆም አሲስታንት ቴምፕሌት ማጣመር

እማዬ ሌሊት 10 ሰዓት ለጸሎት ትነሳለች። የዓይን ሞራዋን ካስነሳች ወዲህ ኃይለኛ ብርሃን ስለሚያስቸግራት፣ አልጋዋ አጠገብ ባለው ሪሞት የሳሎኑን አምፖል ዝቅ አድርጋ ታበራለች። ሳሎን ለመድረስ ግን ኮሪደሩን ማለፍ አለባት፤ የኮሪደሩ አምፖል ደግሞ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ ነበር የሚበራው። አንድ ሌሊት ዓይኗን በነጠላዋ ሸፍና ግድግዳውን እየዳበሰች ስትሄድ አየኋት። ይህን ሥራ የጀመርኩት በማግስቱ ነው።

ቤታችን አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሆም አሲስታንትን (የቤት ዕቃዎችን በአንድ ቦታ የሚቆጣጠር ፕሮግራም) የጫንኩት ራስበሪ ፓይ 4 በሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን፣ ዚግቢ በሚባለው ገመድ አልባ ግንኙነት አምፖሎቹን የሚያናግር ዶንግል (እንደ ፍላሽ የሚሰካ መሣሪያ) ተሰክቶበታል። ሁለቱም በትንሽ ዩፒኤስ ላይ ናቸው። ዚግቢን የመረጥኩት ኢንተርኔት ቢቋረጥም ቤት ውስጥ ያለው ግንኙነት ስለማይቋረጥ ነው። አምፖሎቹን እህቴ ከስዊድን አመጣችልኝ። ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ቮልቴጅ አንብቡ፤ እኛ ጋ 220 ነው፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው አምፖል ግን በአብዛኛው ለ120 ነው።

መጀመሪያ አለቃውን ምረጡ። በእኛ ቤት አለቃው ሳሎን ነው፣ ኮሪደሩ ተከታይ። ሁለቱም እኩል እንዲደምቁ ብቻ ከፈለጋችሁ ቴምፕሌት (ቁጥሩን አስልቶ የሚያወጣ አጭር ቀመር) አያስፈልጋችሁም፤ ሄልፐርስ ውስጥ የላይት ግሩፕ (አምፖሎችን እንደ አንድ የሚያዝ ቡድን) ፍጠሩ፣ አለቀ። እኔ ግን ኮሪደሩ የሳሎኑን 40 በመቶ ብቻ እንዲያበራ ነበር የፈለግሁት፤ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ነጭ ነው፣ ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል።

ሆም አሲስታንት ድምቀትን ብራይትነስ በሚባል አትሪቢዩት (ስለ አምፖሉ የሚመዘገብ መረጃ) ይይዛል፤ ቁጥሩ እስከ 255 ይሄዳል። ከ100 የሚቆጠረው ሌላ ስም አለው፣ ብራይትነስ ፐርሰንት፤ ሁለቱን አታምታቱ። ቴምፕሌቱ በቃል ሲነገር ይህን ይመስላል፦ ስቴት አትር በሚለው ፈንክሽን የሳሎኑን ብራይትነስ አምጣ፣ ኢንት በሚለው ፊልተር ቁጥር አድርገው፣ በ0.4 አባዛው፣ ውጤቱን እንደገና ወደ ሙሉ ቁጥር ቀይር። ሳሎኑ 200 ሲሆን ኮሪደሩ 80 ይሆናል። አውቶሜሽኑ (አንድ ነገር ሲሆን ሌላውን በራሱ የሚያስፈጽመው ትእዛዝ) ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ዴቨሎፐር ቱልስ ውስጥ ባለው የቴምፕሌት ገጽ ላይ ጻፉትና ሳሎኑን ከፍ ዝቅ አድርጉ፤ መልሱ ዓይናችሁ እያየ ይቀያየራል።

አሁን ሳሎኑን አጥፉት። ስህተት ካያችሁ አትደንግጡ፤ አምፖል ሲጠፋ ብራይትነሱ ዜሮ አይሆንም፣ ባዶ ይሆናል፣ ባዶ ደግሞ ወደ ቁጥር አይቀየርም። እኔ ዲፎልት የሚለውን ፊልተር ተጠቅሜ ዜሮ ልሞላበት ስሞክር አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀሁ። ዲፎልት የሚሠራው ነገሩ ጭራሹን በሌለበት ነው፤ እዚህ ግን ነገሩ አለ፣ ዋጋው ነው ባዶ የሆነው። መፍትሔው ኢንት ከሚለው ቃል ቀጥሎ በቅንፍ 0 መጻፍ ነው፤ መቀየር ሲያቅተው ዜሮ ይመልሳል። ማብሪያው ትእዛዝ ብራይትነስ 0 ሲደርሰው ደግሞ አምፖሉን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ሳሎኑ ሲጠፋ ኮሪደሩም ይከተለዋል።

አውቶሜሽኑ አጭር ነው። ትሪገሩ (አውቶሜሽኑን የሚያስነሳው) የሳሎኑ አምፖል ስቴት (ያለበት ሁኔታ) ነው፤ አትሪቢዩት በሚለው ቦታ ብራይትነስን ምረጡ። አክሽኑ (የሚፈጸመው ነገር) የግማሽ ሰከንድ ዲሌይ (መዘግየት)፣ ከዚያ ኮሪደሩን በቴምፕሌቱ ቁጥር ማብራት። ሞዱን ሪስታርት አድርጉት፤ ሪሞቱ ተጭኖ ሲያዝ ብዙ ለውጥ በተከታታይ ይመጣል፣ በዚህ ግን የመጨረሻው ብቻ ይፈጸማል።

ኮንዲሽኑን (አክሽኑ ከመፈጸሙ በፊት መሟላት ያለበትን ሁኔታ) መጀመሪያ ላይ አላስገባሁትም ነበር፣ ዋጋውንም እማዬ ከፈለች። እኛ «መብራት ጠፋ» ስንል አምፖሉ መጥፋቱም ኤሌክትሪክ መቋረጡም ሊሆን ይችላል። ለሆም አሲስታንት ግን እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ኦፍ (የጠፋ) ነው፣ ሌላው አንአቬይለብል (የማይገኝ)። አንድ ማታ ወንድሜ የሳሎኑን መብራት በግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ አጠፋው። አምፖሉ ኃይል ስለሌለው ምንም መናገር አልቻለም፤ ኮሪደሩም እንደበራ ቆየ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ዚግቢ ቱ ኤምኪውቲቲ (የዚግቢ አምፖሎችን ከሆም አሲስታንት ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) አምፖሉን ሲጠራው መልስ አጣ፣ አንአቬይለብል ብሎ መዘገበው፣ ብራይትነሱም አብሮ ጠፋ። ስህተቱን ያስታገሰልኝ ያ በቅንፍ ያለ 0 አሁን ኮሪደሩን ድርግም አደረገው። እማዬ ያኔ የቡና ስኒዎቹን በትሪ ይዛ ኮሪደሩ መሐል ነበረች። አልወደቀችም፣ ተመስገን፤ ሁለት ስኒ ግን ተሰበረ።

ስለዚህ ኮንዲሽን ጨምሩ፦ የሳሎኑ ስቴት ኦን ወይም ኦፍ ከሆነ ብቻ ቀጥል። በሌላ በማንኛውም ሁኔታ ኮሪደሩ እንዳለ ይቆይ። ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ እኔ ቤት በፕላስቲክ ክዳን ሸፍኜዋለሁ።

ኮሪደሩ ሲነካ ሳሎኑም እንዲከተል ማድረግ ያምራል፣ ግን አልመክርም። ሞክሬው ሳሎኑን 199 ላይ ሳቆመው ኮሪደሩ 79 ሆነ፤ 79 ለ0.4 ሲካፈል 197.5 ነው፣ ኢንት ክፍልፋዩን ቆርጦ 197 ብሎ ለሳሎኑ መለሰለት፤ ከዚያ 78፣ ከዚያ 195። ማንም ሳይነካው ብርሃኑ ቁልቁል ወረደ። በዚያ ላይ ዚግቢ አምፖሎች እስከ 254 ብቻ ስለሚቆጥሩ ቁጥሩ ሲተረጎም አንድ ነጥብ ሊዛነፍ ይችላል። የግድ ከሆነባችሁ፣ አዲሱ ቁጥር አሁን ካለው ጋር ያለው ልዩነት ከ5 ካልበለጠ ምንም አታድርግ የሚል ኮንዲሽን በሁለቱም ላይ አስገቡ።

የቀረው የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። ተቋርጦ ሲመለስ ብዙ ስማርት አምፖሎች በሙሉ ድምቀት ይበራሉ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲሆን ቤቱ በሙሉ ይነቃል። ዚግቢ ቱ ኤምኪውቲቲ ውስጥ አምፖሉን ክፈቱና ፓወር ኦን ቢሄቪየር የሚለውን ፈልጉ፤ ሁሉም አምፖል የለውም፣ ካለው ፕሪቪየስ (እንደ ቀድሞው) ላይ አድርጉት። የእኛ ሁለቱም አላቸው። አሁን እማዬ ስትነሳ ሳሎኑ 51 ላይ ይበራል፣ ኮሪደሩ 20 ላይ፤ ነጠላዋንም ትከሻዋ ላይ አድርጋ ታልፋለች።